ነጠላ ያዘቀዘቀችው ጨፋሪ

«ወለሉ ይናገር፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣
እግሬ ሲጠይቀው እሱን እሰማለሁ።
ም... ምምም... ም... ምምም...»

ከዚህ ወዲያ ግጥም የለም። ሀረገወይን ሁለቱን ስንኝ በቃሏ ትዘፍናቸዋለች፤ የቀሩትን ሁለቱን በአፍንጫዋ ታልፋቸዋለች። ደረጃ ስትወጣ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ከልደታ ማርያም ተሳልማ ስትመለስ ሳይቀር ዜማው አብሯት ነው። በልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሁሉ ያውቁታል፤ ኮሪደሩ ላይ ብይ የሚጫወቱ ልጆች እንኳ ተራ ሲጠብቁ «ም... ምምም» ይላሉ። የበር ጎረቤቷ ደሚቱ አንድ ቀን አላስችል ብሏት፣

«አንቺ ሀረግ፣ ይሄ ዘፈን ጥርሱ የወለቀ ነው እንዴ? ሁልጊዜ እዚህች ጋ ሲደርስ ድድ ብቻ ይሆናል!» ብላታለች።

ሀረገወይን ስቃ አለፈች። ጥርሱ መቼና የት እንደወለቀ ግን ታውቃለች።

ስልሳ አምስት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ሰፍታለች፤ ኮሌታ ብቻ። እጅጌ የሌሎች ነበር፣ ቁልፍ የሌሎች ነበር። ዛሬም ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ኮሌታው ቀጥ ብሎ የቆመለት ወንድ ካየች ዞር ብላ ትመለከተዋለች፤ ሰውየው ሌላ ነገር ይመስለውና ፈገግ ይላል። ባሏ ሀብተሥላሴ መካኒክ ነበር፤ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። አንድ ልጅ ተክቷል፤ እንድርያስ ይባላል፤ ከሜክሲኮ ባንኮች በአንዱ የክፍል ኃላፊ ነው።

ስለ ሀረገወይን ሰፈርተኛው የሚያውቀው እዚህ ድረስ ነበር። ስለ ሸክላው ያወቁት ዘንድሮ ነው።

በ1971 ዓ.ም. «ወለሉ ይናገር» የሚባል ሸክላ ወጥቶ ነበር። የተጫወቱት ሰባት ቀለም ባንድ የሚባሉ ወጣቶች ናቸው። ዓለም በዲስኮ በሚሽከረከርበት በዚያ ዘመን እነሱ ዲስኮውን አምጥተው ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጋር አጋቡት። ቤዝ ጊታሩ ደረት ይመታል፣ ሳክስፎኑ ያባብላል፤ አንድ ጊዜ ሰምቶ እግሩን ያላንቀሳቀሰ ሰው እግሩ ደህና መሆኑን ሐኪም ይየው። ከእነሱ በኋላ የመጡ ባንዶች ያንን ምት ሳይማሩ መድረክ አልወጡም። ከዚያ ዘመኑ ከፋ፤ ባንዱ ተበተነ፤ ሸክላው ጠፋ። አሁን ደግሞ ባሕር ማዶ ያለ አንድ አሳታሚ ከተረፉት ቅጂዎች አንዱን አግኝቶ፣ ድምፁን አጥርቶ፣ እንደ ጥንቱ በሸክላ ሊያወጣው ተነሣ።

የሸክላው ሽፋን ላይ አፍሮዋን አበጥራ፣ ከጉልበቷ በላይ የቀረ ብርማ ቀሚስ ለብሳ፣ ክንዶቿን ዘርግታ የምትሽከረከር ልጅ አለች። ያቺ ልጅ ሀረገወይን ናት።

*

ነገሩ የፈነዳው በልደታ ዋዜማ፣ ሚያዝያ ሠላሳ ከሰዓት ነው። የአሳታሚውን ሥራ አዲስ አበባ ላይ ሆና የምታስፈጽመው ነስሪን የምትባል ወጣት አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ በሩን አንኳኳች። በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ የሙከራ ሸክላና የሽፋኑን ናሙና ይዛለች።

«እማማ ሀረገወይን፣ እንኳን ደስ አለዎት! ይኸው ሸክላው። ይኸው ደግሞ ሽፋኑ። ልጅዎ እንዳሉት አስተካክለነዋል።»

«ልጄ ምን አለ?»

ነስሪን ሽፋኑን እያመነታች አቀበለቻት። ሀረገወይን መነጽሯን ከደረቷ አንሥታ አደረገችና ሽፋኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

አፍሮዋ የለም፤ ተሸፍኗል። ብርማው ቀሚስ የለም። ከራሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነጭ ነጠላ ተስሎባታል። ቀይና ቢጫ ጥለቱ አንገቷን ከቦ፣ እስከ አገጯ ወጥቶ ተቀምጧል። ከነጠላው ሥር ሁለት ክንዶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘርግተው ይጨፍራሉ።

«አንቺ ልጅ፣» አለች ሀረገወይን ቀስ ብላ፣ «ማን ሞተ?»

«እ... ምን አሉኝ?»

«ማን ሞተ ነው የምልሽ። ነጠላው ተዘቅዝቋል። ጥለት ወደ አንገት ወጥቶ የሚለበሰው ለቅሶ ቤት ነው። ይቺ ሐዘንተኛ ናት! ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ክንዷን ዘርግታ... በማን ሬሳ ላይ ነው እንዲህ የምትሽከረከረው?»

ነስሪን ሽፋኑን ተቀብላ አየችው። ፊቷ ቀላ። «ሠዓሊው ባሕር ማዶ ነው ያለው፤ የሆነ ፎቶ አይቶ ነው የሣለው። የትኛው ወደ ላይ፣ የትኛው ወደ ታች እንደሚሆን ከየት ይወቅ? እኔም ብሆን ነጠላ ለብሼ አላውቅም፣ አላስተዋልኩትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥለቱን ወደ ታች እናውርደው?»

«ወደ ታችም አታውርዱት፣ ወደ ላይም አታውጡት። አውልቁልኝ!»

ነስሪን ተቀመጠችና ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት። እናትየው ለቤቱ ካርታ ጉዳይ ከሁለት ዓመት በፊት ለልጇ ውክልና ሰጥታዋለች፤ ጉልበቷን አሟት ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ስላቃታት። ውክልናው «በስሜ ማናቸውንም ውል እንዲዋዋል» ይላል። እንድርያስ የሽፋኑን ውል በዚያች ቃል ተደግፎ ፈርሟል። እናቱ ካልተሸፈነች ክስ እንደሚመሠርትም ለአሳታሚው በደብዳቤ አስታውቋል።

«ውክልናው እስካልተሻረ ድረስ አሠሪዎቼ እሱን ነው የሚሰሙት። እኔ ደግሞ ነገ አሥር ሰዓት ላይ ሥዕሉን ለማተሚያ ቤት መላክ አለብኝ።» ከዚያ ልታጽናናት ብላ ነጩን ጥቅል አነሣች። «እስከዚያው ግን ሸክላውን እናስሰማዎት፤ ታች ያሉት ጋሽ ዓብዱልሰላም ማጫወቻ አላቸው ብለውኝ ነበር።»

ሀረገወይን እጇን ዘረጋች። ጥቅሉ ላይ አሳረፈችው። በዚያ ወረቀት ውስጥ የጠፉት ሁለት ስንኞች እንዳሉ ታውቃለች። ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

«አይሆንም። ፊቴን ሳትመልሱልኝ ድምፁን አልሰማም።»

*

ልጇ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ለክብርሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ክብሬን ብርድ መታው ብዬ ነጠላ ላክልኝ አልኩህ?»

«የማኅበርሽ ሰዎች ቢያዩትስ? የቢሮ ሰዎች ቢያዩትስ? ጉልበትሽ እኮ ራቁቱን ነው!»

«እሱን ጉልበት በደንብ እየው። ልጅ ስጪኝ ብዬ ልደታ ደጅ የተንበረከክሁት በእሱ ነው። ያኔ አላሳፈረኝም፤ አንተን ሰጠኝ።»

 ከዚያ እንድርያስ የመጨረሻውን ድንጋይ ወረወረ። «አባዬ ቢኖር ይሄን ይፈቅድ ነበር?»

«አባትህ?» አለች። «አባትህ አልክ?» ሳቋ መጣ፤ እስክታለቅስ ሳቀች። ስልኩንም ዘጋች።

ደሚቱ የነገውን የልደታ ንፍሮ ልትመካከር ስትመጣ ሀረገወይን ስንዴውን ለቅማ፣ ሽምብራውን ዘፍዝፋ፣ የራሷን እራት ግን እንደተከደነ ትታው አገኘቻት።

«ምን ሆነሻል? ብይ እንጂ!»

«ይቺን ነገር ሳልቋጭ እህል አልቀምስም። ቁጭ ብዬም አልበላም። ነገ ንፍሮውን አንቺ ጣጂልኝ፤ እኔ ቢሮ እሄዳለሁ።»

«በልደታ ቀን? ጨዉን ማን ያውቅልሻል?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«እኔ ሳበዛ ‘ደሚቱ ባሕር ጨመረችበት’ ብለሽ ሰፈር ታስቂብኛለሽ!»

«ዘንድሮ ይብዛ፤ ይቅር ብዬሻለሁ።»

*

ያን ቀሚስ የሰፋችው ራሷ ነበረች። ብርማውን ጨርቅ ያገኘችው ከአንድ ልብስ ሰፊ ነው፤ የወንድ ኮት ገበር ነው፣ ከኮት ውስጥ ተደብቆ እንዲኖር የተሠራ ጨርቅ። እሷ ደግሞ የተደበቀውን ወደ ውጭ አወጣችው። ያለማንም እርዳታ ቆርጣ የሰፋችው የመጀመሪያ ልብሷ ያ ነው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት ኮሌታ ስትሰፋ፣ «እኔ አንድ ሙሉ ልብስ የሠራሁ ሰው ነኝ» እያለች ነበር ቀኑን የምትገፋው።

ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ጭፈራው እሁድ ከሰዓት ነበር፤ ፀሐይ በሆቴሉ መጋረጃ ስንጥቅ እየገባች ወለሉ ላይ ትተኛለች፣ ወጣቱ እሷን እየረገጠ ይጨፍራል። ፎቶ አንሺው ሀረገወይንን ያገኛት በአንደኛዋ የብርሃን ሰበዝ ላይ ስትዞር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ሸክላው ወጥቶ አምስት ወር ሲሆነው ቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ሽፋኑን ከፍ አድርጎ ያዘው። «ይህ የቡርዧ ጭፈራ ነው!» አለ። «ጓዲት ትነሣ!» ተነሣች። «ተጸጽቻለሁ በይ!» ዙሪያዋን አየች፤ መሣሪያ የያዙት በር ላይ ቆመዋል፣ እናቷ ከኋላ ወንበር ላይ አቀርቅራለች። «ተጸጽቻለሁ» አለች። አልተሰማም ብለው ሁለተኛ አስባሏት። ሦስተኛም አስባሏት።

ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ልቧን ልታባብል ዘፈኑን ጀመረችው። ሁለት ስንኝ መጣላት። ሦስተኛውን ስትፈልገው የለም። አራተኛውም የለም። ሰው ከአፏ የቀማት ይመስል፣ ዜማው ብቻ ቀረ። ሀብተሥላሴ ቤታቸው የነበረውን ሸክላ ኮርኒስ ውስጥ ደበቀው፤ ኋላ የድሮው ሰፈር ለልማት ሲፈርስ ከኮርኒሱ ጋር አብሮ ሄደ። የቀበሌው አዳራሽም ፈረሰ። እሱ በነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ አለ፤ በየዓመቱ ግንቦት አንድ ቀን የልደታ ንፍሮ የሚጣደውም እዚያው ነው።

*

ግንቦት አንድ ቀን ሀረገወይን ፀሐይ ሳይሞቅ ከሜክሲኮ ታክሲ ተሳፍራ ውክልና የሚሻርበት ቢሮ ደረሰች። ሰልፉ ደረጃውን ተጠምዝዞ ይወርዳል። ቆመች። ጉልበቷ እያመማት አልተቀመጠችም። ከኋላዋ ያሉ ሰውዬ ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው፣ «እናቴ፣ ያዙ እንጂ» ቢሏት፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ዛሬ አፌ ሥራ አለበት» ብላ መለሰችላቸው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተራዋ ደረሰ። መስኮቱ ጋ ያለው ወጣት ወረቀቱን አገላብጦ አያት።

«እናት፣ ከልጅዎ ጋር ተጣልተው ነው? እዚህ ከሚመጡ በሽማግሌ ቢያልቅ አይሻልም?»

«ከልጄ ጋር አልተጣላሁም። የተጣላሁት ከነጠላ ጋር ነው።»

ወጣቱ ነገሩ አልገባውም፤ ግን ማኅተሙን መታው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ግቢ ገባች። ብረት ድስቱ በሦስት ጉልቻ ላይ ይንተከተካል፤ ሴቱ ወንዱ ከየብሎኩ ወርዶ፣ ሣር ተጎዝጉዞ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ እልልታው ጀምሯል። የልደታ ንፍሮ ደጅ ይበላል እንጂ ቤት አይገባምና ማንም ሰሐን ይዞ የመሸሽ ሐሳብ የለውም። ነስሪንም ደርሳለች፤ በአንድ እጇ ነጩን ጥቅል፣ በሌላው የጥንቱን ሽፋን እንደነበረ በትልቁ አትማ ይዛለች። ሀረገወይን ወረቀቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። ነስሪን አነበበች፤ በስልኳ ፎቶ አነሣችው።

በዚህ መሐል እንድርያስ ከበሩ ገባ። ከቢሮ ቀጥታ ነው የመጣው። ነስሪን የሀረገወይንን ሐሳብ ማታውኑ ሰምታ፣ ጠዋት ደውላ ነግራው ነበር።

«እማዬ! ውክልናዬን ሻርሽብኝ?»

እልልታው ቆመ። ደሚቱ ማማሰያውን እንደያዘች ዞረች።

«ሻርኩት» አለች ሀረገወይን። «የቤቱን ጉዳይ የጀመርከው አንተ ነህ፣ የምትጨርሰውም አንተ ነህ፤ ለእሱ ብቻ ሰኞ አዲስ እጽፍልሃለሁ። ፊቴን ግን ለማንም አልወክልም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው እዚህ አለልህ፣ ጠይቀው!» አለች ደሚቱ። «እኛ አይደለንም ሰው? ወይስ ሰው የሚባለው ክራቫት ያሰረ ብቻ ነው?»

ግቢው ሳቀ። እንድርያስ አልሳቀም። «እሷ እናታችሁ አይደለችም» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «እኔ ነኝ ነገ ቢሮ ገብቼ ‘እናትህ ናት እንዴ’ የምባለው።»

«‘አዎ’ በላቸው» አለች ሀረገወይን። «አንዴ በለው። ሦስት ጊዜ የሚያስብልህ የለም።» ከዚያ የጥንቱን ሽፋን ከነስሪን እጅ ተቀበለች። «ና ወዲህ። እኔን አትየኝ። ጥጉን እየው።»

ከፎቶው ግራ ጥግ፣ ፍሬሙ ከቆረጠው ቦታ ላይ፣ አንዲት የወንድ እጅ ብቻ ገብታለች። የሴት የእጅ ቦርሳ ይዛለች። እንድርያስ አጎነበሰ። አውራ ጣቱ ይታያል፤ ጥፍሩ ከመሐል ለሁለት ተሰንጥቋል። ያቺን ጥፍር ያውቃታል። ልጅ ሆኖ፣ «መኪና ነከሰኝ» እያለ ያሳየው ነበር አባቱ።

«አባዬ?»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ ቦርሳዬን ይዞልኝ ቆመ። መጨፈር አይችልም ነበር፤ እግሩ እንጨት ነው። መጠበቅ ግን ይችላል። የዚያን ቀን ነው ‘ይሄ ሰው ይሆነኛል’ ያልኩት።» ናሙናውን ከነስሪን ቦርሳ መዝዛ ከጎኑ አደረገችው። የነጠላው ጫፍ ጥጉን ሞልቶ ወርዷል፤ እጅ የለም፣ ቦርሳ የለም። «እኔን የሸፈንክ መስሎህ ማንን እንደሸፈንክ አየህ?»

እንድርያስ ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ግንባሩ ግን አልተፈታም። «ቢሆንም...» ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም።

«ቢሆንም የለም። ነስሪን፣ ላኪው!»

ነስሪን ስልኳን ነካ ነካ አደረገች። «ሄደ» አለች።

«እንግዲህ አሁን ድምፁን አምጡልኝ።»

ምድር ቤት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነው ዓብዱልሰላም ማጫወቻውን ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ፣ ገመዱን ከሱቁ ስቦ፣ ከተሰናዳ ቆይቷል። «እትዬ ሀረግ፣ መርፌው አዲስ ነው፤ ለእርስዎ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው» አለና ሸክላውን በሁለት መዳፉ መሐል ይዞ አስቀመጠው። ትንሽ ተንሿሿ። ከዚያ ቤዙ መጣ።

የግቢው ሰው ያውቀው የነበረ ዜማ ነው፤ በአንዲት ሴት አፍንጫ ስንት ዓመት ሲሰማው የኖረ። አሁን ሙሉ ሰውነት ይዞ መጣ። ልጆቹ «የእማማ ሀረግ ም ምምም!» ብለው ጮኹ። ዘፋኙ ሁለቱን ስንኝ ዘፈነ። ቀጥሎ የጠፉት ሁለቱ መጡ።

«ላፍርም ከሆነማ በቆምኩበት እንጂ፣
በጨፈርኩበትማ ማን ሊሆን ፈራጂ!»

ቆማ ቀረች። እግሯ ሥር ያለውን ሲሚንቶ ተመለከተች። አዳራሹ እዚህ ነበር፤ ወንበሮቹ እዚህ፣ በሩ እዚያ፣ እናቷ ከኋላ። «ተነሺ» ተብላ የቆመችው እዚህ ነው። ለካ ግጥሙ ጠፍቶባት አይደለም፤ ሊያያት አፍሮ ነው የሄደው።

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደችና ወደ ልጇ ዘረጋችው።

«ያዝልኝ።»

እንድርያስ ቦርሳውን አየ፣ ሰዉን አየ። ተቀበላት።

ጨፈረች። ጉልበቷ እንደ ድሮው አልታጠፈም፤ ዞራ ዞራ ልትወድቅም ስትል ደሚቱ ማማሰያዋን ይዛ ደገፈቻት፤ እሷም ገፍታት ቀጠለች። ክንዷን ዘረጋች። አፍሮው ሸብቷል፤ ቀሚሱ ረዝሟል፤ ነጠላዋ ግን እንደ ደንቡ ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ወገቧ ላይ ታስሯል። ሁለቱን የተመለሱ ስንኞች በሙሉ ድምፅ፣ ከሸክላው በላይ፣ ሦስት ጊዜ አለቻቸው። ማንም አላዘዛትም።

ዘፈኑ አለቀ። መርፌው በባዶ መስመር ላይ ይሽከረከራል። ሀረገወይን ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ዙሪያዋን አየች፤ ደሚቱ በእግሯ የገፋችላትን በርጩማ ሳበች።

«አሁን እህል አምጪ» አለች፤ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትበላ ተቀመጠች።

ደሚቱ ንፍሮውን በትኩሱ መዳፏ ላይ አፈሰሰችላት። ሀረገወይን እፍ እፍ አለችበት። ዘግና ቃመች፤ አላመጠች፤ ደሚቱን ቀና ብላ አየቻት።

«አንቺ፣ ባሕሩን በሙሉ ጨመርሽበት አይደል?»

ሌላ ዘገነች።